የፈረንሳይ ባላገር ሥራ፥ ዕረፍትና ጨዋታ

ሰው ለመኖር መሥራት አለበት፤ ነገር ግን ሥራ ብቻውን ቤተ ሰብን አይሰበስብም። አባት ወደ እርሻው፥ እናት ወደ ሥራዋ፥ ልጅም ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ የአንድ ቤት ሰዎች ቀኑን በየስፍራው ተበትነው ይውላሉ። ተመልሰው የሚሰበሰቡት በማዕድና በዕረፍት ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያርፍና እንዴት እንደሚጫወት ማወቅም ይጠቅማል። ይህ ትምህርት የሚናገረው በፈረንሳይ አገር በገጠር ስለሚኖሩ ሰዎች ነው። በውስጡ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩፤ መንደርና ነዋሪዎቹ

ፈረንሳይ በምዕራብ ኤውሮፓ የምትገኝ አገር ናት። ምድሯ ኮሙን በሚባሉ ወደ 35,000 በሚጠጉ ክፍሎች ተከፍሏል፤ ኮሙን ማለት የራሱ ከንቲባና ምክር ቤት ያለው መንደር ወይም ከተማ ነው። ከእነዚህ ውስጥ እኩሌታ የሚያህሉት ከ500 ያነሰ ሰው ይኖርባቸዋል። በእንዲህ ያለ ትንሽ መንደር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ማን እንደ ታመመ፥ የማን ላም እንደ ወለደች፥ የማን ልጅ ከሩቅ አገር እንደ ተመለሰ ወዲያው ይሰማል።

በመንደሩ መካከል ብዙ ጊዜ የሚታዩት ቤተ ክርስቲያን ከነደወሉ፥ የከንቲባው ጽሕፈት ቤትና ዛፍ የተተከለበት አደባባይ ናቸው። ከዚያው አጠገብ የድንጋይ ሐውልት ይቆማል። በሐውልቱ ላይ ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ታላቅ ጦርነት የሞቱት የመንደሩ ልጆች ስም ተቀርጾበታል። በዚያ ጦርነት ከ1,300,000 የሚበልጡ የፈረንሳይ ወታደሮች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ገበሬዎች ነበሩ። በአንድ ትንሽ ሐውልት ላይ የአንድ ቤተ ሰብ ስም ሁለት ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሲገኝ፥ ብዙ ጊዜ ወንድማማቾች ወይም ዘመዳሞች እንደ ጠፉ ያስረዳል።

ከዚያ በኋላም ገጠሩ ብዙ ሰው አጥቷል። የእርሻ መኪና ስለ በዛ ጥቂት ሰው ብዙ መሬት ለማረስ ቻለ፤ ወጣቶችም ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄዱ። በ1955 በፈረንሳይ 2,300,000 የሚያህሉ እርሻዎች ነበሩ፤ በ2020 ግን በኤውሮፓ ባለው የአገሪቱ ምድር የቀሩት 390,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በገጠር ከሚኖሩት የሚበዙት ገበሬዎች አይደሉም፤ ጠዋት በመኪና ወደ ከተማ ሄደው ሠርተው ማታ ይመለሳሉ። በብዙ መንደርም ሱቁ ወይም ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰዎች የሚገናኙበትን ልማድ መጠበቅ ቀላል ነገር ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

፪፤ ማዕድ

ላም የሚያረባ ቤተ ሰብ ገና ሳይነጋ ይነሣል፤ ላም በየቀኑ ጠዋትና ማታ መታለብ አለባትና። በዓልም ቢሆን፥ ብርድም ቢሆን ይህ ሥራ አይቀርም። አባትና እናት በበረት ሳሉ አያት በቤቱ ካሉ ልጆቹን ቀስቅሰው ቍርስ ያቀርቡላቸዋል። ቍርሱ ዳቦ በቅቤና በማርማላታ ከወተት ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ጐረቤት መንደር ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ቀትር ሲሆን ብዙዎቹ በዚያው በትምህርት ቤቱ ይበላሉ። ትምህርት አልቆ ወደ ቤት ሲመለሱ ጥቂት መክሰስ ይቀምሳሉ።

ትምህርት በሌለበት ቀን ዳቦ መግዛት ብዙ ጊዜ የልጅ መልእክት ነው። የታወቀው ረጅሙ ዳቦ ባጌት ይባላል፤ ትርጓሜውም በትር ማለት ነው። ክብደቱ 250 ግራም ያህል ነው። ዩኔስኮ የሚባለው የዓለም የትምህርትና የባህል ድርጅት በ2022 የዚህን ዳቦ አሠራርና ልማድ ሊጠበቁ ከሚገባቸው የሕዝቦች ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ልጁ ወደ ዳቦ ቤት ሲገባ አስቀድሞ “ቦንዡር” ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ሰላምታ ሳይሰጥ የሚፈልገውን የሚጠይቅ ልጅ ያልታረመ ይባላል፤ ትልቅ ሰውም ቢሆን ይነቀፍበታል። ሲወጣም ያመሰግናል። ትኵሱን ዳቦ ይዞ ሲመለስ በመንገድ ጫፉን ቈርሶ መብላት በፈረንሳይ ልጆች ዘንድ የታወቀ ጥፋት ነው፤ ወላጆችም በልጅነታቸው ይህንኑ ያደረጉ ስለ ሆነ ብዙ አይቈጡም።

ማታና እሑድ ቀትር ቤተ ሰቡ በአንድ ገበታ ይሰበሰባል። የእሑድ ምግብ ተራ አለው፤ አስቀድሞ የአትክልት ምግብ፥ ቀጥሎ ሥጋ ወይም ዓሣ፥ ከዚያ አይብ፥ በመጨረሻም ጣፋጭ ወይም ፍሬ ይቀርባል። ዳቦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከገበታው አይጠፋም። ምግቡ በችኰላ አይበላም፤ በየመካከሉ ወሬ አለ። ልጆች ሳይፈቀድላቸው ከማዕድ እንዳይነሡ በብዙ ቤት ይማራሉ፤ ስለዚህም የአያቶችን ታሪክ ሲሰሙ ያድጋሉ። አያትም የሚሰማቸው ሲያገኙ ከቤቱ ሰዎች እንደ አንዱ መሆናቸውን ያውቃሉ።

፫፤ የዕረፍት ቀን እንዴት እንደ ተገኘ

ዛሬ የፈረንሳይ ልጆች የዕረፍት ቀናቸውን እንደ ራሳቸው ንብረት ያዩታል። ነገር ግን ዕረፍት ለሁሉ የተገኘው ቀስ በቀስ ነው።

በ1882 የወጣው ሕግ ከ6 ዓመት እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ እንዲማር አዘዘ። ይኸው ሕግ ከእሑድ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ደነገገ፤ ምክንያቱም ወላጆች ቢወዱ በዚያ ቀን ልጆቻቸውን ሃይማኖት እንዲያስተምሩ ነው። ይህ ቀን ለብዙ ዘመን ሐሙስ ነበረ፤ በ1972 ወደ ረቡዕ ተዛወረ።

በ1906 ደግሞ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን፥ ይኸውም እሑድ፥ እንዲያርፍ ሕግ ወጣ። ከዚያ በፊት በፋብሪካና በሱቅ የሚሠራ ብዙ ሰው ሰባቱንም ቀን ይደክም ነበር። በ1936 ሠራተኛ ሁሉ በዓመት 15 ቀን ደመወዙ ሳይቀነስበት እንዲያርፍ ተፈቀደ። በዚያ ጊዜ የስፖርትና የዕረፍት ጉዳይ የተሰጠው ሹም ሌዎ ላግራንዥ በምድር ባቡር ለሚሄዱ ሠራተኞች ዋጋው 40 ከመቶ እንዲቀነስላቸው አደረገ። በዚያ በጋ ብዙ ድኾች ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩ። ሌሎችም ድንኳናቸውን በቢስክሌት ጭነው ወደ ገጠር ዘመዶቻቸው ሄዱ። የዕረፍቱ ጊዜ እየተጨመረ ሄዶ በ1982 በዓመት 5 ሳምንት ሆነ።

ገበሬ ግን ላሞቹን ትቶ እንደ ሌላው ሊሄድ አይችልም። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ገበሬዎች ማኅበር አቁመዋል፤ አንዱ ሲያርፍ ወይም ሲታመም ማኅበሩ በእርሱ ፋንታ የሚያልብ ሠራተኛ ይልክለታል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ የአንዱ ሰው ዕረፍት የሌላውን ሰው እጅ ይፈልጋል።

፬፤ የጓሮ አትክልት

ብዙ የገጠር ቤት በጓሮው አትክልት ቦታ አለው። በዚያ ድንች፥ ካሮት፥ ሰላጣ፥ ፎሶልያና ባሮ ሽንኩርት ይዘራሉ፤ በዳሩም አበባ ይተከላል። አንዳንዱ ሰው ዶሮና ጥንቸል ያረባል፤ ሌላው የንብ ቀፎ ያኖራል። ይህ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ ነው? ለብዙዎች ሁለቱንም ነው። ቀኑን በጽሕፈት ቤት ተቀምጦ የዋለ ሰው ማታ አፈር ሲቈፍር ሰውነቱ ይፍታታል፤ ሐሳቡም ይረጋጋል።

የአትክልት ቦታን ጥቅም በሚገባ ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ቄስ ዡል ለሚር ናቸው። እኚህ ሰው በሰሜን ፈረንሳይ በአዝብሩክ ከተማ የነበሩ ቄስና የሕዝብ እንደራሴ ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኞች በጠባብ ቤት ታፍነው ሲኖሩ፥ ብዙ አባቶችም ደመወዛቸውን በመጠጥ ቤት ሲያጠፉ አዩ። ስለዚህ በ1896 አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም ለሠራተኛ ቤተ ሰብ የሚያርሰው ትንሽ መሬት እንዲያገኝ ይጥር ነበር።

የቄሱ ሐሳብ ሠራተኛውን በስብከት ብቻ ከመጠጥ ቤት ለማውጣት አልነበረም፤ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ ሊሰጡት ወደዱ። አባት ከሥራ በኋላ ወደ አትክልቱ ሲሄድ ሚስቱና ልጆቹ አብረውት ይሄዳሉ፤ ወደ መጠጥ ቤት ሲሄድ ግን ይተዋቸዋል። በዚህም ምክንያት አትክልቱ ለቤቱ የሚሰጠው ሽንኩርትና ጐመን ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያሉ የሠራተኛ አትክልት ቦታዎች እስከ ዛሬ ድረስ በፈረንሳይ በብዙ ከተማ ዳር ይገኛሉ።

ልጅም በአትክልት ቦታ መታገሥን ይማራል። ካሮት እንዲያድግ ቢጐትቱት ይነቀላል እንጂ አያድግም። የተዘራውን ውኃ ማጠጣት፥ አረሙን መንቀል፥ ቀኑንም መጠበቅ ግድ ነው።

፭፤ በጫካና በወንዝ

መጸው ሲሆንና ዝናብ ከዘነበ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ፥ ብዙ የፈረንሳይ ቤተ ሰብ ቅርጫት ይዞ ወደ ጫካ ይሄዳል። የሚፈልጉት እንጉዳይ ነው። ከእንጉዳይ መካከል እጅግ የሚጣፍጥ አለ፤ ነገር ግን ሰውን የሚገድልም አለ። ከሁሉ የሚከፋው በአረንጓዴ ባርኔጣው የሚታወቀው የሞት እንጉዳይ ነው። ይህን የበላ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በላይ ከቈየ በኋላ ማስታወክና ተቅማጥ ይጀምረዋል። በመካከሉም ጥቂት የተሻለው ይመስላል፤ መርዙ ግን በዚያ ጊዜ ጕበቱን ያጠፋል።

በፈረንሳይ መድኃኒት ቀማሚዎች በትምህርታቸው ስለ እንጉዳይ ይማራሉ። ስለዚህ እንጉዳይ የለቀመ ሰው ቢጠራጠር ቅርጫቱን ወደ መድኃኒት ቤት ወስዶ ይጠይቃል። አዋቂ የሆነ ሽማግሌም ቢሆን ያልታወቀውን እንጉዳይ ይጥለዋል እንጂ ለልጆቹ አያበላም። አላውቅም ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የማያውቁትን እንደሚያውቁ ሆኖ ለሰው ማብላት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን ጥፋት ነው።

በወንዝ ዳር ደግሞ አያትና ልጅ ዓሣ ሲያጠምዱ ይታያሉ። ለዚህ ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ትሩት የሚባለው ዓሣ በሚራባበት ወራት በትሩት ወንዞች ማጥመድ ክልክል ነው። ዓሣው ከተወሰነው ልክ ያነሰ ከሆነ አጥማጁ ከመንጠቆው አላቅቆ ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ልጁ የያዘውን መልቀቅ ያሳዝነዋል፤ አያቱ ግን ትንሹን የበላ ሰው ትልቁን እንደማያገኝ ያስረዱታል። በወንዝ ዳር ብዙ ሰዓት በዝምታ ሲቀመጡ ሽማግሌውና ልጁ እኩል ይሆናሉ፤ በዚያ ስፍራ ፈጣን እግርም ብርቱ ክንድም አይፈለግምና።

፮፤ በእግርና በቢስክሌት

በፈረንሳይ ገጠር የሚመላለስ ሰው በዛፍ ግንድ ወይም በድንጋይ ላይ ሁለት አጫጭር የቀለም መስመሮች ያያል፤ ላይኛው ነጭ፥ ታችኛው ቀይ ነው። ይህ የረጅም የእግር መንገድ ምልክት ነው። እነዚህ መንገዶች በ1947 በሎዋር ወንዝ አጠገብ ተጀመሩ፤ ዛሬ ምልክት የተደረገባቸው የእግር መንገዶች ርዝመት ሁሉ ሲደመር ከ180,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ነጩና ቀዩ መስመር ተመሳቅሎ ከተገኘ በዚያ አትሂድ ማለት ነው።

ምልክቱን የሚቀቡት ሰዎች ደመወዝ አይቀበሉም፤ በፈቃዳቸው ቀለምና ብሩሽ ይዘው እየዞሩ የደበዘዘውን ያድሳሉ፥ የወደቀውን ቅርንጫፍ ያነሣሉ። በዚያ መንገድ ነገ ማን እንደሚሄድ አያውቁም። ሆኖም መንገደኛው እንዳይጠፋ አስቀድመው ያስባሉ። ቤተ ሰብም እሑድ ከቀትር በኋላ በእነዚህ መንገዶች ሲሄድ ፍጥነቱን የሚወስነው የሁሉ ታናሽ የሆነው ልጅ ነው፤ ትልልቆቹ ቢቀድሙ ቆመው ይጠብቁታል።

ቢስክሌትም በገጠር የተወደደ ነው። በ1903 የተጀመረው ቱር ደ ፍራንስ የተባለው ታላቅ ውድድር በየበጋው ይደረጋል፤ ከጦርነት ዘመን በቀር አልቀረም። ተወዳዳሪዎቹ በ21 ቀን ውድድር ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ። በመንደር ሲያልፉ ነዋሪው ሁሉ ወንበሩን አውጥቶ በመንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ለማየት የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ነገር ግን ቢስክሌት ለብርቱዎች ብቻ አይደለም ያለ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ ፖል ደ ቪቪ ነው፤ ቬሎስዮ በሚባል የብዕር ስም ይታወቃል። ከ1853 እስከ 1930 የኖረ ሲሆን፥ በሴንት ኤትየን ከተማ ሆኖ ከ1887 ጀምሮ ስለ ቢስክሌት ጋዜጣ ያትም ነበር። እርሱ ማርሽ የሚለዋወጥ ቢስክሌት እንዲለመድ ብዙ ደከመ፤ ማርሹ ሲለወጥ ጕልበት የሌለው ሰውም ዳገት ሊወጣ ይችላልና። ብዙ ብርቱ ተወዳዳሪዎች ይህን የደካሞች መሣሪያ ነው ብለው ናቁት፤ በቱር ደ ፍራንስም ለሁሉ የተፈቀደው በ1937 ብቻ ነው። ዛሬ ግን ተወዳዳሪው ሁሉ ማርሽ ባለው ቢስክሌት ይሄዳል። ቬሎስዮ ለቢስክሌት ነጂዎች ከሰጣቸው ምክሮች አንዱ ሰው ለትዕቢት ብሎ እንዳይነዳ የሚል ነው።

፯፤ እግርን አጋጥሞ መጫወት

ከፈረንሳይ የመንደር ጨዋታዎች ሁሉ የታወቀው ፔታንክ ነው። ይህ ጨዋታ የተገኘበት ምክንያት ሊነገር የሚገባው ነው።

በደቡብ ፈረንሳይ ፕሮቫንስ በሚባለው አገር ከጥንት ጀምሮ የኳስ ውርወራ ጨዋታ ነበረ። ተጫዋቹ ኳሱን ከ15 ሜትር እስከ 21 ሜትር ድረስ ይወረውር ነበር፤ የሌላውን ኳስ ለመምታት ሲፈልግም አስቀድሞ ሦስት እርምጃ ይሮጥ ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ደኅና እግር ላላቸው ብቻ ነበረ።

ከማርሴይ ከተማ በስተምሥራቅ በባሕር ዳር ላ ስዮታ የምትባል ከተማ አለች። እንደሚተረከው በዚያ ዡል ለኗር የሚባል በጨዋታው የታወቀ ሰው ነበረ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ቁርጥማት እግሩን ያዘውና መሮጥ ተሳነው። ጓደኞቹ ሲጫወቱ እርሱ ተቀምጦ ይመለከት ጀመር። አንድን ነገር የማያውቅ ሰው ከውጭ ሆኖ ሲያይ ብዙ አይከፋውም፤ ያውቀውና ይወደው የነበረውን ማየት ብቻ የቀረለት ሰው ግን ብዙ ያዝናል።

በዚያ ከተማ ኤርነስት ፒትዮና ዦዜፍ ፒትዮ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ቡና ቤት ነበራቸው፤ በአጠገቡም የመጫወቻ ሜዳ ነበረ። ኤርነስት የወዳጁን ኀዘን አይቶ የጨዋታውን ሕግ ለመለወጥ አሰበ። ርቀቱ እንዲያጥር፥ ሩጫውም እንዲቀር፥ ተጫዋቹም ሁሉ በመሬት ላይ በተሠመረ ክብ ውስጥ ሁለት እግሩን አጋጥሞ ቆሞ እንዲወረውር ተስማሙ። በዚህ በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያው ውድድር በ1910 በላ ስዮታ ተደረገ። የጨዋታውም ስም በፕሮቫንስ ቋንቋ ከሁለት ቃል የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም በመሬት ላይ የተተከለ እግር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ጓደኞቹ ለታመመው ሰው ብቻ የተለየ ሕግ አውጥተው ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ድካሙን ያስታውሱት ነበር። ሕጉን ለሁሉ አንድ ስላደረጉት ግን ደኅነኛውም እንደ እርሱ እግሩን አጋጥሞ ቆመ፤ ስለዚህ በክቡ ውስጥ ማን እንደ ታመመ የሚለይ አልነበረም።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ኮሾኔ የምትባል ትንሽ የእንጨት ኳስ ከ6 ሜትር እስከ 10 ሜትር ርቀት ትወረወራለች። ኮሾኔ ማለት ግልገል እሪያ ማለት ነው፤ ይህን ስም የሰጧት በቀልድ ነው። ከዚያ በኋላ ተጫዋቾቹ ብርቱካን የሚያህል የብረት ኳስ ወደ እርሷ ይወረውራሉ፤ የኳሱ ክብደት ከ650 ግራም እስከ 800 ግራም ነው። ኳሱን ለኮሾኔ ከሁሉ ያቀረበ ወገን ነጥብ ያገኛል፤ የባላጋራንም ኳስ መትቶ ማራቅ ይፈቀዳል። አስቀድሞ 13 ነጥብ ያገኘ ወገን ያሸንፋል። የሁለት ኳሶች ርቀት ተቀራርቦ ክርክር ሲነሣ በሜትር ይለካል፤ ልኬቱ ካለቀ በኋላ የሚከራከር ሰው አይመሰገንም።

ይህን ጨዋታ አያት ከልጅ ልጅ ጋር፥ ሴት ከወንድ ጋር፥ ከንቲባውም ከእረኛው ጋር ይጫወታል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እንኳ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ይወረውራል። ሽማግሌው ጕልበቱ ቢያንስ ልማዱ ስለሚበዛ ብዙ ጊዜ ወጣቱን ያሸንፋል። በፈረንሳይ የጨዋታው ማኅበር በ1945 ቆመ፤ በ1958 ደግሞ የዓለም ማኅበር ተመሠረተ። ለአንድ ቁርጥማት ለያዘው ሰው ሲባል የተለወጠ ጨዋታ ዛሬ በብዙ አገር ይጫወቱታል።

፰፤ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት

የፈረንሳይ ገጠር ሰዎች ሁሉ እንዲህ ይኖራሉ ማለት አይደለም። በዚያም አገር ከቤት የማይወጣ፥ ቀኑን በስልክና በቴሌቪዥን ፊት የሚያሳልፍ ልጅ አለ። ልጆቹ በከተማ ስላሉ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሳያነጋግር የሚውል ሽማግሌ አለ። በፔታንክም ሜዳ በገንዘብ የሚወራረድና የሚጣላ አይታጣም። ጨዋታ ራሱ ሰውን መልካም አያደርግም፤ መልካም የሚሆነው የሚጫወቱት ሰዎች ሲያስቡበት ነው።

ስለዚህ ልጅ ጨዋታ ሲመርጥ ሦስት ነገር ሊያስተውል ይገባዋል። መጀመሪያ፥ ጨዋታው ሥራውንና ትምህርቱን እንዳይሰርቅበት፤ ላሞቹ ሳይታለቡ ወደ ሜዳ የሚሄድ ገበሬ የለምና። ሁለተኛ፥ ጨዋታው ሰውነቱን የሚያበረታና በራሱም በሌላውም ላይ ጕዳት የማያመጣ እንዲሆን። ሦስተኛ፥ ከሁሉም ይልቅ፥ በሜዳው ዳር ማን ቆሞ እንደሚመለከት ዞር ብሎ ማየት ነው።

በማናቸውም አገር፥ በማናቸውም ትምህርት ቤት፥ ጨዋታ ሲጀመር ከዳር የሚቆም አንድ ልጅ አይጠፋም። አንዱ እግሩ ይታመማል፤ አንዱ ከሩቅ መንደር የመጣ እንግዳ ነው፤ አንዱ ገና ትንሽ ነው፤ አንዱም ጫማ የለውም። ብርቱዎቹ እርሱን ሊያሠለጥኑት ወይም ሊያዝኑለት ሁልጊዜ አይችሉ ይሆናል፤ ነገር ግን የጨዋታውን ሕግ ጥቂት ሊለውጡ ይችላሉ። ርቀቱን ማሳጠር፥ ሩጫውን ማስቀረት፥ ተራ መስጠት ዋጋ አያስወጣም። በላ ስዮታ የነበሩት ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ወዳጃቸው ወደ እነርሱ መሮጥ ባይችል እነርሱ ሩጫውን ተዉለት።

ጥያቄ

1. በትንሽ መንደር የቆመው የድንጋይ ሐውልት ስለ ምን ይናገራል?
2. ቄስ ለሚር ለሠራተኞች መሬት እንዲገኝ የጣሩት ስለ ምንድር ነው?
3. የማይታወቅ እንጉዳይ የለቀመ ሰው ምን ማድረግ ይገባዋል?
4. በመንገድ ላይ ምልክት የሚቀቡት ሰዎች ምን ደመወዝ ያገኛሉ? ስለ ምን ይደክማሉ?
5. በላ ስዮታ አዲሱ ሕግ ለታመመው ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉ መሆኑ ምን ጠቀመ?
6. በእናንተ ትምህርት ቤት ከጨዋታ ዳር የሚቆም ልጅ ቢኖር፥ እርሱ እንዲገባ የትኛውን ሕግ መለወጥ ይቻላል?